ከቀይ ባሕር ሪፍ እስከ ጓሳ አምባ፦ በኤድዋርድ ሩፔል በኩል ስም ያገኙ አራት ፍጥረታት



የዛሬው ንግግሬ መድረሻው መንዝ ነው፤ መነሻው ግን ባሕር ውስጥ ነው። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አገር ሊናገር የተነሣ የታሪክ ሰው ከባሕር እንስሳ መጀመሩ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ምክንያቴን አስቀድሜ ልግለጽ። በ1828 በሳይንስ መዝገብ የሰፈረች አንዲት የቀይ ባሕር እንስሳ፣ በእርሷ ክንዶች መካከል የሚኖር አንድ ትንሽ ዓሣ፣ በመንዝ ገደል የሚያድረው ጭላዳና በጓሳ ሣር ውስጥ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ፣ አራቱም ወደ አውሮፓ ሳይንስ የገቡት በአንድ ሰው በኩል ነው። ሰውየው የፍራንክፈርት ተወላጁ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከአራቱ ሁለቱ በባሕር፣ ሁለቱ በደጋ በጥንድ ይኖራሉ። የተሰጧቸውን ስሞች ብንመረምር ግን ስለ ጥንድነታቸው የሚናገር አንድም ቃል አናገኝም። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል፦ ስም የሚሰጥ ሰው የማያየውን ነገር ማን ያየዋል? እንዲታይስ ማን ያቆየዋል?

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ከባሕሯ እንስሳ እንተዋወቅ። ሪፍ የምንለው ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት የድንጋይ አፅማቸውን ትውልድ በትውልድ ላይ እየደረቡ የሚገነቡት የባሕር ውስጥ አለት ነው። ምጽዋን ያየ ሰው ይህን ድንጋይ ሳያውቀው አይቶታል፤ የአሮጌው ከተማ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነውና። የባሕር አኔሞን የኮራል ዘመድ ናት፤ ነገር ግን አፅም የላትም። አማርኛ የራሱን ስም ስላላወጣላት በግሪክኛው እንጠራታለን። ቃሉ ከነፋስ ጋር የተያያዘ ነው፤ በመጀመሪያም የምድር አበባ ስም ነበር። በርግጥም አበባ ትመስላለች። እግሯን በአለት ስንጥቅ ውስጥ ተክላ፣ አፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ በአፏ ዙሪያ ክንዶቿን እንደ አበባ ቅጠል ትዘረጋለች። ክንዶቿ ግን መርዘኞች ናቸው። በላያቸው ላይ የተደረደሩት ሕዋሳት ሲነኩ መርዝ የተቀባ ቀጭን ክር ይወረውራሉ፤ በአጠገቧ ያለፈ ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ከደነዘዘ በኋላ ወደ አፏ ይሄዳል።

የምናገርላት ዝርያ ሳይንሳዊ ስሟ ኤንታክሜያ ኳድሪኮሎር ነው። የክንዶቿ ጫፍ ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ ፊኛ ይነፋል፤ በዚህም ከሌሎች ትለያለች። ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ድረስ ትገኛለች። በሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነርሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ከሠሩትም ብዙውን ለእርሷ ይሰጣሉ። እርሷ ደግሞ መጠለያና ለእነርሱ ማዳበሪያ የሚሆን ትራፊ ትሰጣቸዋለች። ስለዚህ ብርሃን ከማይደርስበት ጥልቀት ልትኖር አትችልም። ለሁለት ተከፍላ መራባትም ትችላለች፤ በሪፉ ጥልቀት በሌለው ክፍል አንድ አለት የሸፈኑ ብዙ አኔሞኖች ብናይ፣ ሁሉም የአንዲቷ ቁራሾች ሊሆኑ ይችላሉ።

ባልንጀራዋ ዓሣ በሳይንስ አምፊፕሪዮን ቢሲንክተስ ይባላል። ገላው ከብጫ እስከ ቡናማ ነው፤ በላዩ ላይ ሁለት ነጭ መቀነቶች አሉት። መኖሪያው በዋናነት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ሌላውን ዓሣ የሚገድለው መርዝ እርሱን አይጎዳውም፤ ለዚህም ቆዳውን የሚሸፍነው ልጋግ ዋናው ምክንያት ነው ተብሎ ይታሰባል። ከአኔሞኗ ርቆ አይሄድም፤ ከራቀ ይበላል። የቤተሰቡ ሥርዓት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሁሉም በወንድነት ይጀምራሉ፤ ከመካከላቸው ትልቁ ብቻ ሴት ይሆናል። ሴቲቱ ስትሞት ከእርሷ በታች ያለው ወንድ ወደ ሴትነት ይለወጥና ቦታዋን ይይዛል፤ ከእርሱ በታች የነበረው ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። የመንዝን የርስት ሙግት የሚያውቅ ሰው በዚህ ያለ ክርክር በሚፈጸም ውርስ ሳይቀና አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ቀይ ባሕርን ለአውሮፓ ሳይንስ የከፈቱት ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወታቸው ከፍለዋል። በ1761 ከኮፐንሃገን ከተነሣው የዴንማርክ የዓረብ ጉዞ አባላት አንዱ የነበረው ፔተር ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ስለ ባሕሩ እንስሳት የጻፈው በ1775 የታተመው በጓደኛው በካርስተን ኒቡር አማካይነት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለቱ ጀርመኖች ቪልሄልም ሄምፕሪሽና ክርስቲያን ኤሬንበርግ ነበሩ። ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ። ኤሬንበርግ ብቻውን ተመልሶ የቀይ ባሕርን ኮራሎችና አኔሞኖች የሚመለከተውን ሥራውን በ1834 አወጣ። ኤንታክሜያ የሚለው የወገን ስም ከእርሱ የመጣ ነው።

ሩፔል ከእነዚህ የሚለየው ዕድሜ በማግኘቱ ነው። በ1794 ተወልዶ በ1884 ነው የሞተው። የመጀመሪያ ታላቅ ጉዞው ከ1822 እስከ 1827 ግብፅን፣ ኑቢያን፣ ሲናንና ቀይ ባሕርን የሸፈነ ነበር። የሰበሰበውን ሁሉ ለተወለደባት ከተማ ለፍራንክፈርት፣ በ1817 ለተቋቋመው ለዜንከንበርግ ማኅበር ሰጠ። አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ከፍሪድሪኽ ሎይካርት ጋር ሆኖ በ1828 አሳተመ፤ አኔሞኗም በዚያ መጽሐፍ በሎይካርት ብዕር «ኳድሪኮሎር» ተባለች፤ «ባለ አራት ቀለም» ማለት ነው። ዓሣውን ሩፔል ራሱ በ1830 «ቢሲንክተስ» አለው፤ «ሁለት መቀነት የታጠቀ» ለማለት።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። አኔሞን ከውኃ ወጥታ በአልኮል ስትነከር ትጨማደዳለች፤ ቀለሟ ይጠፋል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው የማያምር ጓል ነው። ዓሣው በሌላ ጠርሙስ ይገባል። መዝገብ ለሁለቱም የተለያየ ገጽ ይሰጣቸዋል። በሪፉ ላይ አንዱ ያለ ሌላው የማይታሰብ የነበረው ኑሮ በሁለት መደርደሪያ ላይ ይለያያል። ይህን የምለው ሩፔልን ለመውቀስ አይደለም። የዘመኑ ሳይንስ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ጠርሙስ በቂ ነው። «ይህ ከማን ጋር ይኖራል?» ለሚለው ግን ጠርሙስ መልስ የለውም።

ሩፔል በ1831 እንደገና ምጽዋ ደረሰ፤ በዚህ ጊዜ ፊቱን ወደ ደጋው አዞረ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ያለው ንጉሠ ነገሥት የስም ብቻ ነው፤ በሰሜንና በትግሬ የደጃዝማች ውቤ ኃይል እየገነነ ነው፤ በሸዋ ደግሞ የመንዙ የነጋሢ ክርስቶስ ዘር የሆነው ሣህለ ሥላሴ ራሱን ችሎ ይገዛል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እንስሳ ሰብሳቢ የሆነ መንገደኛ የሚሄደው በፈለገበት ሳይሆን መንገድ በተከፈተበት ነው። ሩፔል በሰሜን ተራሮች አልፎ ጎንደር ገባ፤ እዚያም ቆየ። ወደ ሸዋ አልመጣም፤ መንዝንም አላየም።

በጎንደር ያደረገው አንድ ነገር ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ከእንስሳቱ ይልቅ ቅርብ ነው። የብራና መጻሕፍትን ሰበሰበ፤ ዛሬም በፍራንክፈርት በስሙ የሚጠራ የግእዝ መጻሕፍት ክምችት አለ። የጎንደሩ ሊቅ አጥቁም የነገሥታቱን ታሪክ አሰባስበው አዘጋጁለት፤ ስለዚህ የዜና መዋዕል ተመራማሪዎች ዛሬም የሊቅ አጥቁን ስም ይጠራሉ። ልዩነቱን አስተውሉ። በመጽሐፉ በኩል አውሮፓዊው ሰብሳቢና አገሬው ሊቅ ሁለቱም በታሪክ ገብተዋል። በእንስሳቱ በኩል ግን ከሳይንሳዊው ስም ጎን የሚጻፈው «ሩፔል» ብቻ ነው።

ከዚህ ጉዞ የተገኙት የደጋ እንስሳት ከ1835 ጀምሮ በተከታታይ ታተሙ። ጭላዳ በ1835 ወጣ። ስሙ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ ሲሆን፣ «ጌላዳ» የሚለው አገሬው እንስሳውን ሲጠራበት ሩፔል የሰማው ቃል ነው። በዚያው ዓመት ዋልያም ስም አገኘ። ቀይ ቀበሮ ካኒስ ሲመንሲስ ተብሎ በ1840 ወጣ፤ «የሰሜን ውሻ» እንደማለት ነው። በመንዝ ሰማይ የምናያቸው ቁራና ጋጋኖም ከዚሁ እጅ አላመለጡም። ለነገሩ ቀበሮው የሚበላው የሣር አይጥ ሳይቀር በ1842 በሩፔል ተሰይሟል፤ አዳኙንም ታዳኙንም ያው ሰው ነው የመዘገባቸው። የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1839 የወርቅ ሜዳሊያውን ሰጠው፤ ይገባዋልም።

አሁን አራቱን ስሞች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንዱ ቀለም ይናገራል፤ አንዱ መቀነት ይቆጥራል፤ አንዱ የአገር ቃል ነው፤ አንዱ የቦታ ስም ነው። አራቱም እውነት ናቸው። ዝምድና ግን በአራቱም ውስጥ የለም።

የባሕሩ ዝምድና በሳይንስ ጽሑፍ የታየው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ካትበርት ኮሊንግዉድ በደቡብ ቻይና ባሕር ግዙፍ አኔሞኖችን፣ በውስጣቸውም የሚኖሩ ዓሦችን አይቶ በ1868 ጻፈ፤ አኔሞኗ ስም ካገኘች ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እርሱም ቢሆን ዓሦቹን የገለጻቸው እንደ ጥገኛ በሚመስል ቃል ነው። በ1879 ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ አንቶን ደ ባሪ የተለያዩ ፍጥረታት አብሮ መኖርን «ሲምባዮሲስ» በሚለው ቃል ገለጸ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ካርል ብራንት በእንደነዚህ ያሉ እንስሳት ሥጋ ውስጥ ለሚኖሩት አልጌዎች ስም አወጣላቸው። ቃሉ ከተገኘ በኋላ ነገሩ በየቦታው ይታይ ጀመር። የሳይንስ ታሪክ ከዚህ የተለየ ብዙ ምሳሌ የለውም፤ ዓይን ብዙ ጊዜ ቃልን ይከተላል።

ዓሣው ጥገኛ ብቻ አለመሆኑን ያረጋገጡት ግን በአንድ ሪፍ ላይ ለወራትና ለዓመታት የተመላለሱ ጠላቂዎች ናቸው። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ ተመራማሪዎች ዓሦቹን ከአንዳንድ አኔሞኖች ላይ አንሥተው የሚሆነውን ተከታተሉ። አኔሞኖቹ ክንዳቸውን ሰብስበው ተሸማቀቁ፤ ሌሎች ዓሦች እየመጡ ቆረጠሟቸው። ባለ ሁለት መቀነቱ ዓሣ ለካስ ዘበኛ ነው። ከዚህም በላይ የሚያስወጣው ቆሻሻ በአኔሞኗ ውስጥ ላሉት አልጌዎች ማዳበሪያ ይሆናል፤ በሌሊት በክንዶቿ መካከል ሲንቀሳቀስም ውኃውን እያንቀሳቀሰ ኦክስጅን እንድታገኝ ይረዳታል። ስለዚህ በአንድ አለት ላይ ሦስት ዓይነት ፍጥረት አንዱ አንዱን ሲያኖር ይኖራል። ይህ ሁሉ በአንድ የመርከብ ጉዞ አይታይም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ የት ናት? በምጽዋ ፊት ለፊት ያሉት የዳህላክ ደሴቶች በ1962ና በ1965 የተመራማሪዎች ጉዞ አስተናግደዋል፤ ጉዞው የእስራኤል ሲሆን ውኃው በወቅቱ የኢትዮጵያ ግዛት ነበር። የባሕር ኃይል ነበረን፤ ወደብ ነበረን። ሪፉን ግን ዕውቀት አድርገን አልያዝነውም፤ ለዚህም ቋንቋችን ምስክር ነው፤ ለአኔሞን ስም አላወጣም። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ባሕሩም ከእጃችን ወጣ። ስለ ወደብ ማጣት ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ስለ ሪፉ የተቆጨ ሰው አላጋጠመኝም። ያልተጠና ነገር ሲጠፋ የሚያለቅስለት ያጣል።

ወደ መንዝ ልውጣ።

ጓሳ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በምሥራቁ ገደል ጫፍ ላይ የተዘረጋ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከለያ ገሳ ይሆናል፤ በዚያ ብርድ ጥሩ ክዳን ያለው ቤት ቅንጦት አይደለም። በጅብራው መካከል፣ በማለዳ ጉም ውስጥ፣ ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው በመቶዎች ሆነው ሣር ይግጣሉ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ ሌላ የለም። በመካከላቸው አንዳንድ ጊዜ አንድ ቀይ ቀበሮ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም።

በ2005 በጓሳ የተጀመረው የጭላዳ ጥናት ይህን ትዕይንት ለዓመታት ተከታተለ። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ2015 አሳተሙ። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ ብቻ። ምክንያቱ ምናልባት የመንጋው እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ስለሚያስወጣቸው፣ ወይም ቀበሮው በግጦሽ ላይ ባሉት ትልልቅ ገላዎች ስለሚከለል ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ሲይዝ ታይቷል፤ ትልልቆቹ ወዲያው ተነሥተው አስጣሉት፤ ከመንጋውም አባረሩት። ውል ያፈረሰ ባልንጀራ ይባረራል ብል የሥነ ሕይወት ባልደረቦቼ ይቆጡኛል፤ እኔ ግን ከመንዝ ሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ ሌላ ፍርድ የሚሰጡ አይመስለኝም።

የባሕሩንና የደጋውን ጥንድ ማመሳሰል ልክ አለው። ዓሣው ያለ አኔሞን መኖር አይችልም፤ ቀበሮው ያለ ጭላዳ ይኖራል። ዓሣው ለአኔሞኗ የሚከፍለው በግልጽ ይታወቃል፤ ጭላዳ ከቀበሮው የሚያገኘው ጥቅም ግን እምብዛም አይታይም። የሚያመሳስላቸው የታወቁበት መንገድ ነው። ሁለቱም የታዩት ስም ከተሰጣቸው ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በአንድ ቦታ ላይ በቆየ ዓይን ነው።

ዓይን እንዲቆይ ቦታው አስቀድሞ መቆየት አለበት። እዚህ ላይ ነው የመንዝ ታሪክ ወደ ሳይንስ ታሪክ የሚገባው።

በአፍ ታሪክ እንደሚነገረው ጓሳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቅኚ አባቶች በአስቦና በጌራ ተይዞ፣ ለግጦሽና ለሣር ብቻ እንዲሆን ተከለለ። ሥርዓቱ ቀሮ ይባላል። አለቃው አባ ቀራ ነው። አካባቢው እንደ ሣሩ ዕድገት ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል፤ ሕዝቡም በበጋ ወራት ይገባል። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ 5፣ ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ሳያልፍ ሁሉም ወጥቶ ምድሪቱ እንደገና ትዘጋለች። ለመዝጊያው የበዓል ቀን መመረጡን እንደ ዋዛ አልመለከተውም። አዋጅ ሊረሳ ይችላል፤ ጾም የሚፈታበትን ቀን የሚረሳ መንዜ ግን የለም።

ቀሮን ግን ገነት አድርገን አንሳለው። መብቱ በዘር ሐረግ ነበር፤ የአስቦና የጌራ ተወላጅ ያልሆነ ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። የዘመናችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሑፍ ይህን ቶሎ ያልፈዋል፤ የታሪክ ተማሪ ግን ማለፍ የለበትም። ሣሩን ያቆየው የጋራነት ለሁሉም ክፍት የሆነ የጋራነት አልነበረም። ሥርዓቱ የተቋቋመውም ለቀበሮ ታስቦ አይደለም፤ ለክዳን፣ ለገመድና ለክፉ ቀን ግጦሽ ነው። ቀበሮና ጭላዳ በሰው ቤት ክዳን ሕግ ጥላ ሥር ተጠልለው የቆዩ ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም መሠረቱ ተናጋ። በዘር ሐረግ ላይ የቆመ ሥልጣን በገበሬ ማኅበር ፊት ሊቆም አልቻለም። አባ ቀራው ያለ ሥልጣን ቀረ፤ ቀድሞ ድርሻ ያልነበራቸውም ገቡ። ፍትሕ ለብዙዎች መጣ፤ የሣሩ ዘብ ግን ላላ። ሁለቱም በአንድ አዋጅ መሆናቸው ነው ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው። በኋላ ማኅበረሰቡ ለኀዘንና ለመረዳጃ በለመደው በእድር መልክ ጥበቃውን እንደገና አደራጀ። በእድሩ የአባልነት መሠረቱ ትውልድ መሆኑ ቀርቶ ነዋሪነት ሆነ። ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ የዚህን ሥርዓት ታሪክና የቀበሮውን ኑሮ አንድ ላይ አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። በቅርብ ዓመታትም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አውቆታል።

የጓሳን ትርጉም በሚገባ ለማየት ወደ ምዕራብ ወርዶ መርሐቤቴን ማየት ይጠቅማል። በጀማ ሸለቆ ገደሎች ላይ ጭላዳ አለ፤ ገደል እስካለ ድረስ ማደሪያ አያጣም። ቀይ ቀበሮ ግን የለም። እርሱ ከፍ ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ አይጥ የበዛበት፣ ያልታረሰ ሣር ይፈልጋል። በአብዛኛው የአገራችን ደጋ ገብሱ ወደ ላይ እየወጣ ያን ሣር ተክቶታል። ጥንዱ እንዲኖር ገደሉም ሣሩም አንድ ቦታ መገኘት አለባቸው፤ ገደሉን ተፈጥሮ ይጠብቀዋል፤ ሣሩን ግን ሰው ካልጠበቀው አይቆይም።

ስለዚህ የ2015ቱን ጥናት ሳነብ ከደራሲዎቹ ዝርዝር በፊት የሚታዩኝ አባ ቀራዎች ናቸው። እነርሱ ምንም አልጻፉም፤ ሳይንስንም አላሰቡም። ነገር ግን 67 እና 25 የሚሉት ሁለት ቁጥሮች የተቆጠሩት እነርሱ ዘግተው ባቆዩት ምድር ላይ ነው። የፍራንክፈርት ሙዚየም አንዱ መዝገብ ከሆነ ጓሳ ሌላው መዝገብ ነው። ሊቅ አጥቁ በዜና መዋዕል ጥናት ያገኙትን ቦታ አባ ቀራ በተፈጥሮ ጥናት ታሪክ ውስጥ ገና አላገኘም፤ ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ የአባ ቀራዎችን ስም ዝርዝር ከየአጥቢያው ሽማግሌዎች መሰብሰብ ሊዘገይ የማይገባው ሥራ ነው። ሽማግሌዎቹ እየሞቱ ነው።

በመጨረሻ አራቱ ፍጥረታት ዛሬ ስላሉበት ሁኔታ ልናገር። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ ነው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ነው። ከውሻ የሚመጣ የእብደት በሽታና ወደ ላይ የሚወጣ እርሻ ዋና ጠላቶቹ ናቸው። ለሁለቱም መድኃኒት የሚሆን ሕግ ማውጣት ይቻላል፤ ውሻ ይከተባል፤ የእርሻ ወሰን ይከለላል፤ መዝጊያው ቀን ይከበራል።

የባሕሩ ጥንድ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አኔሞኗ አልጌዎቿን ታስወጣለች፤ ገላዋ ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ካልበረደ ትራባለች፣ ትሞታለች። በ2023 የቀይ ባሕር ውኃ ለረጅም ጊዜ በሞቀ ጊዜ፣ በመካከለኛው ቀይ ባሕር በሳዑዲ ዓረቢያ ጠረፍ በሦስት ሪፎች ላይ በተደረገ ክትትል፣ የሌላ ዝርያ ከሆኑት አስተናጋጅ አኔሞኖች እንደየሪፉ ከ66 እስከ 94 በመቶው ሞተዋል። በእነርሱ ውስጥ ይኖር የነበረው ባለ ሁለት መቀነቱ ዓሣ፣ ሩፔል በ1830 የሰየመው ያው ዓሣ፣ ከ94 እስከ 100 በመቶው አልቋል። የዓሣው ሞት ከአኔሞኖቹ ሞት መብለጡን ልብ በሉ። የነጣች አኔሞን አንዳንዴ ታገግማለች፤ ዓሣው ግን እስክታገግም የሚጠለልበት የለውም። ቀበሮ ጭላዳን ቢያጣ ከአራት ሙከራ አንዱ እየተሳካለት ይኖራል። ለዓሣው እንዲህ ያለ ሁለተኛ ኑሮ የለውም፤ በሚሞቀው ባሕር ላይም መዝጊያ ቀን የሚያውጅ አባ ቀራ የለም።